አቶ ነገ ጎማ ሲመርጥ

በሰፈሩ ትክክለኛ ስሙን የሚጠራው ሰው የለም። ሥራው የመኪና ወንበር ልብስ መስፋት ነው፤ መጠሪያው ግን «አቶ ነገ» ነው። ስሙን ያወጣችለት የገዛ ሚስቱ ናት። የሚያንጠባጥበው ቧንቧ ነገ ይጠገናል፣ የተሰነጠቀው መስታወት ነገ ይቀየራል ሲላት ሲላት ከረመና አንድ ቀን እሱን ፍለጋ የመጣን ደንበኛ «አቶ ነገ የሉም፣ ነገ ይመለሱ» ብላ ሸኘችው። ደንበኛው እየሳቀ ሄደ፤ ስሙም በዚያው ጸና።

ሰነፍ ነው ማለት ግን ግፍ ነው። ስፌቱን ያየ ሰው ሌላ ቤት አይሄድም። ችግሩ ህልሙ ነው። ስፖንጁን ቆዳ ሲያለብስ ወንበሩ በእጁ ሥር መንገድ ይጀምራል። በመስኮቱ በኩል ዳገቱ ሲመጣ፣ ጉሙ ሲከፈት፣ ከታች ሸለቆው ሲዘረጋ ይታየዋል። መርፌው አየር ላይ ይቀራል፤ እሱም ጭልጥ ብሎ ይሄዳል። ሚስቱ በዚያ ስታልፍ «ደረስክ ወይስ ገና መንገድ ላይ ነህ?» ትለዋለች።

የሚሄድበትን ቦታ ቤተሰቡ ሁሉ ያውቀዋል። አባቱ በጉልምስናቸው ዘመን የጭነት መኪና ይነዱበት የነበረ የተራራ መንገድ ነው። ከሥር አዲስ አስፋልት ከተሠራ ወዲህ ሥራዬ ብሎ የሚሄድበት የለም፤ ሣርና ድንጋይ ውጦታል። ከፍ ያለ መኪና ያላቸው ሰዎች ብቻ ለመዝናናት ይወጡታል። አቶ ነገም ይህንኑ አስቦ በአራቱም ጎማ የሚጎትት አሮጌ መኪና ገዛና ግቢው ጥግ አቆመ። «አባዬ፣ እኔና እርስዎ እንወጣዋለን» አላቸው።

ያን ጊዜ የአባትየው ዓይን መድከም ጀምሮ ነበር። ሐኪሙም ብርሃኑ ቀስ በቀስ እየጠበበ እንደሚሄድና እንደማይመለስ ሳይሸፋፍን ነግሯቸዋል።

«እንግዲያው ቶሎ እንሂድ» አሉ። «ሳይጨልምብኝ አንዴ ልየው።»

«ጎማና ሞላ ብቻ ነው የቀረኝ» አለ ልጅ።

ነገሩ እዚህ ላይ ተያዘ። ጎሚስታው ጎረቤቱ ነው፤ ድምፁ ከሱቁ አልፎ መንገድ የሚሻገር፣ ለማስረዳት የማይሰለች ሰው። ጥርሱ ሰፋፊ የሆነው ጎማ ጭቃ አይበግረውም፤ አስፋልት ላይ ግን ጆሮ ያደነቁራል። ጥርሱ ደቃቅ የሆነው ሲሄድ ድምፁ አይሰማም፤ ስለታም ድንጋይ ካገኘ ግን ጎኑ ይተረተራል። መካከለኛው ሁሉንም ይሞክራል። መኪናውን የሚሸከመውን ሞላም ቢሆን ከፍ ቢያደርጉት የመኪናው ሆድ ከድንጋይ ይድናል፣ ግን መታጠፊያ ላይ ያወላውላል። ዝቅ ቢያደርጉት ደግሞ ድንጋዩ አያሳልፍም።

ለህልመኛ ሰው ከዚህ የበለጠ ምን ድግስ አለ! ጠዋት ተራራው ላይ ዝናብ ይዘንብለትና የጭቃውን ጎማ ይመርጣል። ከሰዓት ጭቃው ይደርቅና ስለት ድንጋዩ ይወጣል፤ ሐሳቡን ይቀይራል። ማታ ከመኪናው ሥር በጀርባው ተንጋሎ ያረጀውን ሞላ በጣቱ እየዳበሰ ወንዝ ይሻገራል። እውነቱን ለመናገር ደስተኛ ነበር። ካልመረጠ የማይሳሳትበት፣ ካልሄደ የማያልቅበት መንገድ አግኝቷል። ክረምቱ ወጣ፣ በጋው አለፈ፣ ሌላ ክረምት መጣ።

አባትየው በዚህ መሐል ጋዜጣ ማንበብ ተዉ። ቀጥሎ ሻይ ሲቀዱ ከብርጭቆው ውጪ ማፍሰስ ጀመሩ። ሚስትየው ጠረጴዛውን ትወለውላለች፤ ባሏን ግን ገላምጣው ትሄዳለች። አሁን «አቶ ነገ» ስትለው ቀልዱ ከአፏ ጠፍቷል።

አንድ ጠዋት አቶ ነገ መሥሪያ ክፍሉ ውስጥ ቆዳ ሲቆርጥ አባቱ በር ከፍተው ገቡ። ግድግዳው ላይ ወደተሰቀለው ኮቱ ዞር ብለው «ደህና አደርክ ልጄ?» አሉ፤ መልሱንም ጠበቁ። እሱ በሌላኛው ጥግ መቀስ እንደያዘ ደርቆ ቀረ።

«ደህና አደሩ፣ አባዬ» አለ በስንት መከራ።

አባትየው ወደ ድምፁ ዞሩ። ትንሽ አሰቡና ሳቁ። «ኮትህ ካንተ ይሻላል» አሉ። «ነገ አይለኝም።»

መቀሱን ጥሎ ክንዳቸውን ያዘና በቀጥታ ጎሚስታው ዘንድ ወሰዳቸው። ጎሚስታው ጎማዎቹን እያንከባለለ አመጣ። አባትየው ቁጭ ብድግ እያሉ ጣታቸውን በጥርሶቹ መሐል አስገቡ፤ በመዳፋቸው መታ መታ አድርገው ጆሯቸውን አስጠጉ። ጥርሰ ሰፊውን ገፋ አደረጉት።

«ይሄ ይጮኻል። እሱ ሲጮህ መንገዱ አይሰማኝም» አሉና መካከለኛውን መረጡ።

«ሞላውስ አባባ?» አለ ጎሚስታው። «በጣም ከፍ የሚያደርግ አለኝ። ምቾቱ ያስተኛዎታል!»

«ለመተኛትማ ቤቴ አልጋ አለኝ። ሁለት ጣት ያህል አንሳው፣ ሆዱ ድንጋይ እንዳይልስ። ከዚያ ካለፍክ መንገዱን ትደብቅብኛለህ። እኔ ያን መንገድ በዓይኔ ብቻ አይደለም የማውቀው፤ በመቀመጫዬም ነው።»

ጎሚስታው በሳቅ ፈነዳ። አቶ ነገ ግን አልሳቀም። አባቱ መንገዱን በዓይናቸው የማየቱን ነገር ተስፋ ቆርጠው እንደተዉት ያን ጊዜ ገባው፤ ተስፋ ያስቆረጣቸው ማን እንደሆነም ያውቃል። ቤት ሲመለስ ለአባቱ ብሎ በወፍራም ስፖንጅ የሠራውን፣ ከሥራዎቹ ሁሉ የሚኮራበትን የመኪናውን ወንበር ተረተረ። ስፖንጁን አውጥቶ ስስ አድርጎ መልሶ ሰፋው። ሚስቱ ክር አቀበለችው።

የሄዱት ጎማውና ሞላው በተገጠመ ማግሥት ነው። አስፋልቱ አልቆ ድንጋዩ ሲጀምር አቶ ነገ ድንጋዩ እንዳያነጥራቸው ከጎማዎቹ ትንሽ ትንሽ አየር አስተነፈሰና ወደ ጉሙ ገቡ። ሁሉም ነገር ዳር ዳሩ የለሰለሰ ነበር፤ ዳገቱ፣ ሣሩ፣ የሞተሩ ድምፅ ራሱ። አባትየው በተከፈተው መስኮት ፊታቸውን አውጥተው አንድ እጃቸውን ከፊታቸው ባለው ብረት ላይ አሳርፈዋል።

«አሁን ጠጠሩ ይደቃል» ይላሉ፤ ይደቃል። «አሁን ወደ ቀኝ ያዘነብላል» ይላሉ፤ መኪናው ያዘነብላል። አቶ ነገ ስንት ዓመት በህልሙ የነዳው መንገድ ሌላ መንገድ እንደነበረ ታወቀው፤ በህልሙ ውስጥ አባቱ አንድም ቀን ተናግረው አያውቁም።

ጉሙ ተገፍፎ ፀሐይ ወጣ። አባትየው እንደ ልጅ ተቁነጠነጡ።

«ከዚህ መታጠፊያ ቀጥሎ ትልቅ ዛፍ አለ። ቅርንጫፉ መንገዱን ይሻገራል። ሞተር ሲግልብን ከሥሩ ነበር የምናርፈው። አለ?»

አቶ ነገ ታጠፈ። ዛፍ የለም። ጉቶ ነው ያለው።

«አለ አባዬ» አለ። «እንዲያውም ሰፍቷል። ቅርንጫፉ ማዶ ደርሷል፤ ቅጠሉ ጥቅጥቅ ብሏል፤ ወፍ ሰፍሮበታል።» ይህን ጊዜ አይቸገርም፤ የሌለ ነገር ማየት የዕድሜ ልክ ሙያው ነው። እያወራ በጉቶው አጠገብ አለፈ።

«ልጄ» አሉ አባትየው፤ «ጥላው ፊቴ ላይ አላለፈም።»

መኪናው ቆመ። አቶ ነገ መሪውን እንደጨበጠ አንገቱን ደፋ።

«ተቆርጧል አባዬ። ጉቶው ብቻ ነው ያለው።»

«ምን ያህላል?»

«ሁለት ሰው ጎን ለጎን ያስቀምጣል።»

«አቆጥቁጧል?»

ወርዶ ወደ ኋላ ተመልሶ አየ። «የለም። ደርቋል። ጉንዳን ወሮታል።»

አባትየው ረጅም ትንፋሽ ተነፈሱ። «እንዲህ በለኝ እንጂ። አሁን ታየኝ።»

«ዘገየሁብዎ፣ አባዬ።»

«ዘግይተሃል» አሉ፤ ሊያጽናኑት ብለው አልካዱም። «በል ንዳ። ያለውን ብቻ ንገረኝ።»

ነዳ። ዓይኑን ከመንገዱ ሳያነሳ፣ ያለውን ለማግኘት በደንብ እያየ ቀስ ብሎ ነዳ።

«በግራ ገደል ነው» አለ። «ጠርዙ ላይ አንድ ነጭ ድንጋይ አለ፤ ከሥሩ ውኃ ይወርዳል።»

አባትየው ፊታቸውን ወደ ግራ መለሱ።