ሁለተኛው በርስ?

አክስቴን የምታውቁ ይህችን ጥያቄዋን አትረሱም። አንድ ዓመት በሙቀቱ ወራት እዚህ ዓረብ አገር በቤት ሠራተኛነት የምታገለግላት ማዳሟ ቱርክ ይዛት ሄዳ ነበር። እዚያ መስጊድና የሕሙማን ቤት በአንድ ግድግዳ የተያያዙበት የጥንት ሕንፃ አየች። ድንጋዩ እንደ ጥልፍ በአበባ ተፈልፍሏል፤ የመስጊዱ በርና የሕሙማኑ በር ጎን ለጎን ናቸው። ከዚያ ወዲህ "ለታመመው ዱዓ አደረግሁ" ያላትን ሁሉ፣ "ደግ አደረግህ፤ ሁለተኛው በርስ?" ትለው ነበር።

ኮሮና የገባ ጊዜ ለእረፍት ቀኗ አባሲያ ሰፈር እኛ ቤት እንደመጣች ሰፈሩ ተዘጋ። መስጊዶችም ተዘጉ። ፊት ለፊታችን ብቻዋን የምትኖር ያገራችን ልጅ ታመመች። ልጆቼን ሰብስቤ ዱዓ አስደረግሁና ማንም በር እንዳይከፍት አዘዝሁ።

አክስቴ ሾርባ እየቀዳች፣ "አሚን። በል ቁልፉን አምጣ" አለችኝ።

"አክስቴ፣ ይሄ በሽታ እኮ አይምርም።"

"እሷንስ ይምራታል? አንተ ልጆችህን ጠብቅ፤ እኔ እንደሆነ አርጅቻለሁ።"

ሰጠኋት። ልጅቷ ዳነች፤ አክስቴን በሽታው ወሰዳት። አባት ልጆቹን መጠበቅ አለበት፤ ዛሬም ይህን አልክድም። እሷም ልክ ነበረች።

አሁን ዱዓ ስንጨርስ ሁላችንም ትቀመጥበት ወደነበረው የሶፋው ጥግ እንመለከታለን። ትናንት የታችኛው ጎረቤታችን መታመሙን ሰምተን ዱዓ አደረግንለት። አሚን ብለን ፊታችንን አበስን። ከሶፋው ጥግ የሚጠይቀን የለም። ልጆቼ እኔን አዩኝ። ተነሥቼ ቁልፉን ከሚስማሩ ላይ አወረድሁ።