የማሚት ተከራይና የመስታወቱ ጠርዝ

ያን ቀን ሚዛን ከተማ ከጠዋት ጀምሮ ሲያካፋ ዋለ፤ ጉሙም በር ዘልቆ ቤት ሊገባ ምንም አልቀረው። የማሚት ተከራይ ግን የወንድ ሹራቧን እስከ ክርኗ ሰብስባ፣ በረንዳው ላይ በርሜል አናት ያስቀመጠችውን ወፍራም ክብ መስታወት ዙሪያውን እየዞረች ታሻለች። ኮከብ ማያ ልትሠራበት ነው።

ትናንት ማታ ጨለማ ክፍል ውስጥ በሻማ ስትፈትሸው ጠርዙ ከልክ በላይ ተበልቶ አገኘችው። የተበላ መስታወት አይሞላም፤ ያለው መላ ሌላውን ሁሉ እንደገና እያሹ ወደ ጠርዙ ልክ ማውረድ ነው። የወራት ልፋት።

ይህን የሰማው ጎረቤቷ አናጢው ቲቶ ከአጥር ማዶ ሳቀ። «እትዬ፣ በዚህ የጉም አገር ደግሞ ምን ኮከብ አለ? ይልቅ ጠርዙን ጥቁር ቀለም ቀቢውና በመሀሉ እይ፤ ይበቃሻል!»

ሴትዮዋ እጇን ሳታቆም ቀና አለች። «ይበቃሻል ያለኝን ሰው ሁሉ ጥዬ ነው እዚህ የደረስኩት። ከአንተ ለመገላገልማ አጥሩም ይበቃል።»

ማሚት በሯ ላይ ቆማ ሰማች። እሷንም ቤተሰቦቿ ስድስተኛ ክፍል ላይ «ይበቃሻል» ብለዋት ነበር፤ እሺ ብላ ከትምህርት ቀረች። ከየት እንደመጣች፣ ማንን እንደተወች ግን ሴትዮዋን አልጠየቀቻትም።

አሁን ሴትዮዋ ሚዛንን ለቃ ቴፒ ከተማ ናት፤ መስታወቷም አብሯት አለ። ጠርዙ ገና አልተስተካከለም፤ ቀለምም አልነካውም።