የትኛውን ጋቢ?

ልጄ የደባርቅና የዳባት ሰዎች በስልክ የሚጫወቱበት ግሩፕ ውስጥ ከጨመረችኝ ወዲህ ሥራዬ ሰው መናቅ ሆኗል። አንዱ ዘፈን ይልካል፤ ሌላው ሳያዳምጥ ልብ ይለጥፍበታል። ኮንሰርት ከተነሳ ሁሉም ከመድረኩ ሥር ነበር፤ ከኋላ የቆመ አንድ ሰው የለም።

ቀልድ እንኳ ላስተምራቸው ብዬ እኔ የደባርቁ ሊቅ በድምፅ ላክሁ፤ «የዳባት ሰው ድግስ ሄዶ፣ ‹ጋቢዎን ያውልቁ› ቢሉት ‹የትኛውን?› አለ።»

አንድ የዳባት ጎረምሳ ወዲያው፣ «አባባ፣ ሰውየው የደባርቅ ነው፤ ቀልዳችንን ገለበጡብን» ብሎ ጻፈ። ሁሉም ሳቀብኝ። «ምስክር አለኝ» ብዬ የዳባቷን ባለቤቴን ጠራሁ።

«ቀልዱ የማን ነው? እውነቱን ተናገሪ።»

«ምን ቀልድ አለው» አለች ሽሮዋን እያማሰለች። «መልስ የተጠራን ዕለት ብርድ ፈርተህ ጋቢ በጋቢ ላይ ደርበህ፣ አባቴን ‹የትኛውን?› ያልካቸው አንተ አይደለህ? ዳባት እስከ ዛሬ ይስቅብሃል።»

«ምስክሬን አሟታል» ብዬ ስጽፍ ከኋላዬ መጥታ አነበበችው።

«አጥፋው፤ አለዚያ እኔው በድምፄ እነግራቸዋለሁ።»

አጠፋሁትና «ሰውየው እኔ ነኝ» ብዬ ጻፍሁ። እነዚያ ደነዞች ግን ቀልድ መስሏቸው ሳቁ።