እቴቴ በመስኮት የገባችለት ፈቃድ

የእናቴን ታናሽ እህት ሰፈሩ ሁሉ እቴቴ ይላት ነበር። ልብስ ሰፊ ነበረች። መርፌ በከንፈሯ ይዛ ሰው ስትገሥጽ ቃሉ በጥርሶቿ መካከል እየተጣራ ስለሚወጣ፣ ቁጣዋ እንኳ ልክ የተወሰደለት ይመስል ነበር። ዛሬም በቤቷ ጀርባ በሚያልፈው ጠባብ መንገድ ስሄድ፣ አረንጓዴውን በር ባየሁ ቁጥር ያ ቀን ትዝ ይለኛል።

ባሏ መጽሐፍ ጠራዥ ነበር። እርሱ ሲሞት በጓሮ በኩል ያለው የሥራ ክፍሉ ባዶ ቀረ፤ እቴቴም ብርሃኑን ወዳ የስፌት መኪናዋን ወደዚያ አዛወረች። ዓመታት ሲያልፉ ግን ዓይኗ ደከመ፤ ሥራውም ሳሳ። ያን ጊዜ ሁላችን ጋሼ የምንለው ታላቅ ወንድሟ ብቅ ብቅ ማለት አበዛ። ጋሼ ክፉ ሰው አልነበረም፤ ደግነቱ ግን መፈናፈኛ አይሰጥም። ቤቱን ሸጣ እርሱ ዘንድ እንድትገባ፣ ለዚህም አንድ ክፍል ቀለም አስቀብቶ እንዳዘጋጀላት ነገራት።

«በሰው ቤት ሳል እንኳ ፈቃድ ይጠይቃል» አለችው እቴቴ። የጀርባውን ክፍል አከራይታ በኪራዩ እዚያው በቤቷ እንደምትኖር ቁርጡን አሳወቀችው። ጋሼ ሳቀ፤ የማከራያ ፈቃድ ለማውጣት የተነሣ ሰው ጫማውን ጨርሶ በባዶ እጁ እንደሚመለስ አስረዳት። በዚህ ሲከራከሩ ከረሙና በመጨረሻ በእናቴ ፊት ተስማሙ፤ ፈቃዱን ከከለከሏት ቤቱ ይሸጣል፣ እርሷም ሻንጣዋን ይዛ ወደ ጋሼ ትሄዳለች።

ከዚያ ወዲህ የፈቃድ ጽሕፈት ቤቱ አግዳሚ ወንበር የእቴቴ ሆነ። የእጅ ስፌቷን ይዛ ትሄዳለች፤ እዚያው ተቀምጣ ቁልፍ ትተክላለች፣ ጠርዝ ትቀምቅማለች። አንዱ ሠራተኛ ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ እንደሚሄድ ቢመክራት፣ እንቁላሉማ ሄዶ፣ ዶሮ ሆኖ ተመልሷል፤ ከወንበሩ ያልተነሣሁት እኔ ብቻ ነኝ ብላ ወረፋ ጠባቂውን ሁሉ አሳቀችበት። በመጨረሻ ነገሩን ዘርዝረው ነገሯት። ክፍሉን ከዋናው ቤት ጋር የሚያገናኘው በር ይዘጋል፤ ወደ ጓሮው መንገድም የራሱ በር ይከፈትለታል። ግድግዳው ከመበሳቱ በፊት ግን ተቆጣጣሪ መጥቶ ክፍሉን ከውስጥ ማየት አለበት።

በሰፈራችን አሁኑኑ የሚባል ግንበኛ ነበር። ቅጽል ስሙን ያገኘው ሥራ ማሳደር ስለማያውቅ ነው። እቴቴ በደጁ ስታልፍ የመካከሉ በር እንዲዘጋ መታዘዙን ነገረችው። የቀረውን ሳትጨርስለት «በቃ፣ ገባኝ» ብሏት ሄደ። በማግሥቱ የሰፋችውን ልብስ ለባለቤቶቹ አድርሳ ስትመለስ በሩ በነበረበት ቦታ ያማረ ግንብ ቆሞ አገኘች። ቤቱን የከፈተችለት እናቴ ነበረች፤ ቶሎ በመድረሱም መርቃው ነበር። አሁኑኑ እጁን እየታጠበ ምስጋና ይጠብቃል።

«መኪናዬስ?» አለችው።

«የቱ መኪና?»

«የምሰፋበት ነዋ። ውስጥ ነው ያለው።»

አሁኑኑ ግንቡን አየ፤ ቀጥሎ እጁን አየ። ክፍሉ ከነዕቃው የሚከራይ መስሎት እንደነበር ድምፁን ዝቅ አድርጎ ተናገረ። እናቴ የቸኮለች አፍሳ ለቀመች ብላ ጀመረችና፣ ሲሚንቶ እንደማይለቀም ትዝ ቢላት ተወችው።

ግንቡን እናፍርስ አናፍርስ እየተባለ ሳለ ሲነጋ ተቆጣጣሪው ከተፍ አለ፤ ሱፍ የለበሰ፣ ቦርሳውን በብብቱ የያዘ ጎልማሳ። ማን እንደነገረው እንጃ፣ ጋሼም ተከትሎት ደረሰ። ተቆጣጣሪው ግንቡን ሲያይ ፊቱ ጠቆረ። ግንቡ ያለ ፈቃድ የተሠራ ነው፤ ለማፍረስም ፈቃድ ያሻል፤ የጓሮውን በር ለመፍቀድ ክፍሉን ከውስጥ ማየት ግድ ነው፤ ክፍሉ ደግሞ በር የለውም። እንግዲህ ውድቅ ከማድረግ በቀር ሌላ መንገድ እንደማይታየው ተናገረ። ጋሼ የእቴቴ ሻንጣ የት እንደሚገኝ እናቴን በቀስታ ጠየቃት።

እቴቴ ወንበር አንሥታ ወደ ግቢው ወጣች፤ ክፍት በነበረው በክፍሉ መስኮት ሥር አቆመችው፤ ቀሚሷን ሰብሰብ አድርጋ፣ ያን ሁሉ ዕድሜ ተሸክማ፣ በመስኮት ገባች። ወዲያው የስፌት መኪናው ድምፅ ተሰማ። ጋሼ ሰው እንደሚታዘባት ቢነግራት፣ በገዛ ቤቷ መሆኗን ነግራው መስፋቷን ቀጠለች። ከዚያ ወደ ተቆጣጣሪው ዞረች።

«ልጄ፣ ሳላየው አልፈቅድም አልክ፤ ደግ። እኔ የገባሁበት ለአንተም አይጠብም፤ ግባና እየው። አልገባም ካልክም በር አጣሁ ብለህ ጻፍ እንጂ ክፍሉ አይሆንም ብለህ እንዳትጽፍ።»

ተቆጣጣሪው ግራ ቀኙን አየ። ኮቱን አውልቆ ለእናቴ ሰጠና ወንበሩ ላይ ወጣ። ሲገባ የመስኮቱ ሜንጦ ሱሪውን ከበስተኋላ ያዘው፤ ሲቀደድ ግቢው ሁሉ ሰማ። ሁላችንም ለይሉኝታ ስንል ሰማይ ሰማይ ማየት ጀመርን። እቴቴ የመጋረጃ ጨርቅ ወረወረችለት፤ እርሱም ጨርቁን አገልድሞ በባሏ በርጩማ ላይ ተቀመጠ፤ ሱሪው መርፌ ሥር ገባ። አሁኑኑ በመስኮቱ አንገቱን አስግጎ፣ «እቴቴ፣ ሱሪውን ሳትሰጪው አስፈርሚው» ሲል አንሾካሾከ።

እቴቴ ክሩን በጥርሷ በጠሰችና ሱሪውን ለባለቤቱ አቀበለችው።

«ልበስ። እኔ ፈቃድ በሱሪ አልገዛም። አሁን እንደ ወግህ ቆመህ ክፍሉን እየው።»

ዘወር ብላ እስኪለብስ ጠበቀችው። እርሱም ግድግዳውን አንኳኳ፤ ጣሪያውን አየ፤ እርጥበት ፍለጋ ጥጋጥጉን በእጁ ዳሰሰ። ክፍሉ ደረቅ፣ ብርሃን የሞላበት ነበር። የመካከሉ በርም ቢሆን መዘጋቱ የማይቀር ስለነበር፣ አሁኑኑን ስለ ችኮላው ገሥጾ አለፈው። «የጎደለው በር ብቻ ነው» አለና ስፌት መኪናው ላይ ተደግፎ ፈረመ።

በዚያ መስኮት ተመልሶ እንደማይወጣ ግን አስታወቀ። ስለዚህ አሁኑኑ በዕድሜው አንድ ጊዜ ችኮላው ተመሰገነለት፤ መዶሻና መሮውን ይዞ በጓሮው ግድግዳ ላይ ዘመተ። በአዲሱ በር መጀመሪያ የወጣው ሰው አቧራ የለበሰው ተቆጣጣሪ ነው።

እቴቴ እርሱን ተከትላ ወጣች፤ ጋሼ ከቆመበት ሄዳም ቀሚሷን አራገፈች።

«ጋሼ፣ ያን ያዘጋጁልኝን ክፍል ያከራዩት» አለችው። «ፈቃዱ እንዴት እንደሚወጣ እኔ አሳይዎታለሁ።»