ሦስት አረር በወረቀት ሳህን

አርሊን ከበቆሎው አጨዳ ወዲህ የባሏን የኤልደንን የቡና ኩባያ በግማሽ ብቻ ነው የምትሞላው። ኤልደን አስተውሏል፤ ግን አልጠየቃትም። በቤተ ክርስቲያኑ የመከር ራት ላይ ቡናውን ነጩ የጠረጴዛ ልብስ ላይ ከደፋ በኋላ የመጣ ነገር ነው። እሷም አላነሳችውም። አርባ ስድስት ዓመት አብረው የኖሩ ሰዎች ዝም ለመባባል ምክር አያስፈልጋቸውም።

የኤልደን አባት እጃቸው መንቀጥቀጥ የጀመረው በሰባ ዓመታቸው ነበር። መጀመሪያ ሹካው ሳህኑ ላይ ይንኳኳ ጀመር፤ ቀጥሎ የሸሚዛቸውን ቁልፍ እናቱ ትቆልፍላቸው ነበር፤ ኋላም ጠመንጃቸውን ግድግዳ ላይ ሰቅለው ዳግመኛ ሳያወርዱት ሞቱ። ኤልደን አሁን ሰባ አንድ ሞልቶታል።

ስለዚህ በታኅሣሥ ጠመንጃው መሳት ሲጀምር ኤልደን ልቡ ወደ እጁ ነው የሮጠው። ጠመንጃው ባሩዱንም አረሩንም በአፈሙዙ አጉርሰው በዘንግ የሚጠቀጥቁት ዓይነት ነው፤ አናቱ ላይ የማነጣጠሪያ መነጽር ተገጥሞለታል። በእንዲህ ያለ ጠመንጃ አንዴ ከሳቱ ሳቱ ነው፤ ዳግም አጉርሰው ቀና እስኪሉ አጋዘኑ ሌላ ወረዳ ገብቶ ሣር ይግጣል።

ሦስት ቀን ሙሉ ከራሱ ጎተራ ጀርባ ብቻውን ሲለፋ ሰነበተ። አንዱ አረር ወደ ግራ ይወጣል፤ ሁለተኛው ወደ ቀኝ ይወርዳል፤ ሦስተኛው የት እንደገባ እግዜር ይወቀው። በሳተ ቁጥር የመነጽሩን ማስተካከያ ያሽከረክራል። ባሩዱን ቀነሰ፣ ጨመረ። አረር ቀየረ። በየተኩሱ መሃል አፈሙዙን በጨርቅ ጠረገ። ሐኪም ቤት መሄድ ፈርቶ ጎረቤት ሁሉ ዘንድ መድኃኒት እንደሚጠይቅ ሰው ሆነ። ምንም ጠብ አላለለትም።

ይህን ያህል የሚያስጨንቀው የሠፈሩ ደንብ ነው። በዚያ በአሜሪካ፣ በደቡብ አዮዋ ጥግ፣ አደኑ ሊከፈት ሁለት ቀን ሲቀረው፣ አዳኝ ሁሉ በማቪስ የግጦሽ መስክ ላይ ይሰበሰባል። ማቪስ የጠመንጃ ጠጋኙ ሚስት ነበረች፤ ባሏ ከሞተ ወዲህ ሥራውንም ወንበሩንም ወርሳለች። መቶ እርምጃ ርቀት ላይ የኬክ ማቅረቢያ የወረቀት ሳህን ይሰቀላል። ሰው ሦስት ይተኩሳል። ሦስቱንም ሳህኑ ላይ ያላሳረፈ ዘንድሮ ጫካ አይገባም። ደንቡን የጻፈው የለም፤ የሚያስከብረው ፖሊስም የለም። ግን አጋዘን አቁስሎ ገደል ውስጥ እንዲማቅቅ የተወ ሰው በዚያ አገር ቀና ብሎ አይሄድም። ሰውም ሳህኑን ሲስት ጠመንጃውን ጠቅልሎ ወደ ቤቱ ይሄዳል፣ በቃ።

አምና ደግሞ በዚህ ደንብ የአርሊንን ወንድም ዴልማርን ሰው ሁሉ እየሰማ የሸኘው ራሱ ኤልደን ነበር። «በል ዴልማር፣ ዘንድሮ ቤትህ ተቀምጠህ ቴሌቪዥንህን እይ» ነበር ያለው። በሰፈሩት ቁና መሰፈር አይቀርም።

ቅዳሜ ረፋዱ ላይ ኤልደን የማቪስ መስክ ሲደርስ በረዶው ከእግር በታች ይንኮሻኮሻል። ዴልማር ሦስቱን አሳርፎ ጨርሶ የፒክአፑ ኋላ ላይ ተቀምጧል፤ ዓመት ሙሉ ሲለማመድ ነው የከረመው።

«ኧረ ዳኛችን መጡ!» አለ። «ወንበር አምጡላቸው እንጂ!»

ኤልደን ጠመንጃውን ከመኪናው አወረደ። አጎረሰ፣ ጠቀጠቀ፣ ተኮሰ። ግራ። ሁለተኛው የሳህኑን ጠርዝ ቦጨቀ። ሦስተኛው በረዶ በተነ።

«አማቼ» አለ ዴልማር፣ «አንድ ጥሩ ቴሌቪዥን አውቅልሃለሁ።»

ሰዉ ሳቀ። ኤልደንም ሊስቅ ሞከረ፤ ከንፈሩ እምቢ አለው። ጓንቱን ለማውለቅ ሲታገል ማቪስ አየችው። አጠገቡ መጥታ ድምጿን ዝቅ አደረገች።

«ምን ሆነሃል አንተ?»

«እጄ ነው።»

«እጅህ ምን ሆነ?»

«እንደ አባቴ።» ሦስት ቀን መነጽሩን ሲያሽከረክር መክረሙንም አልደበቃትም። ለሚስቱ ያልነገራትን በረዶ ላይ ቆሞ ለማቪስ መናገሩ ራሱን ገረመው።

ማቪስ አላጽናናችውም፤ እሷ ዘንድ ማጽናናት የሚባል ነገር የለም። «ማን ነው ለእጅህ ሐኪም ያደረገህ? ወዲያ በል» ብላ ጠመንጃውን ከእጁ ወሰደችው። አፈሙዙን ጠረገች፤ ባሩዱን ሰፈረች፤ አረሩን ዘንጉ ላይ እስካለው ምልክት ድረስ ጠቀጠቀች። ጠመንጃውን ማሳረፊያው ጠረጴዛ ላይ ባለው የአሸዋ ከረጢት ላይ አደላድላ ተቀመጠች። ማቪስ አነጣጥራ ስትስት ያየ ሰው እዚያ አገር የለም።

ሳተች።

ደግማ አጎረሰችና ደግማ ሳተች። የመጀመሪያው ከላይ፣ ሁለተኛው ከታች፤ መሃላቸው ሌላ ሳህን ያስገባል።

ኤልደን ግን የመኪናውን በር ይዞ ቆመና ሳቅ ጀመረው፤ እንባው እየወረደ ሳቀ። በሰው ስህተት እንዲህ ደስ ብሎት አያውቅም።

«ምን ያስቅሃል አንተ አሮጌ?» አለች ማቪስ ተቆጥታ።

«ደግመሽ ሳቺልኝ፣ እባክሽ!»

«አህያውን ፈርቶ ዳውላውን አሉ! ይኸው ሦስት ቀን መነጽሩን ስታሽከረክር ከርመህ።» መነጽሩን ጨብጣ ወዘወዘችው፤ አልነቃነቅ አለ። መነጽሩን የያዙትን ቀለበቶች ብሎን ሞከረች፤ ጥብቅ ነው። ሌላ ሰው ቢሆን እዚህ ላይ ይተው ነበር። እሷ ግን ካቻቪቴዋን አውጥታ መነጽሩን ፈታችና ከሥሩ ያለውን፣ ከጠመንጃው ጋር የሚያያይዘውን ብረት ገለጠች። የፊተኛውን ብሎን በጥፍሯ ስትነካው ዞረ። በጥፍሯ! አንስታ ለፀሐይ አሳየችው፤ ያብለጨልጫል።

«ይህን ዘይት የቀባው ማነው?»

«እኔ ነኝ» አለ ኤልደን።

«ለምን?»

«እንዳይዝግ ነዋ!»

ነገሩ ወዲህ ነው። የባሩድ ጥላሸት ብረት ይበላል፤ ስለዚህ የኤልደን አባት አደኑ ባለቀ ማግስት ጠመንጃቸውን ፈታትተው ገላ መታጠቢያው ገንዳ ውስጥ በፈላ ውሃና በሳሙና ያጥቡና ብረት የሆነውን ሁሉ፣ ብሎን ሳይቀር፣ ዘይት ያጠጡት ነበር። ኤልደንም እንደ ጸሎት ሳያስታጉል ይህንኑ ያደርጋል። የአባቱ ጠመንጃ ግን መነጽር አልነበረውም። ዘይት የጠጣ ብሎን ደግሞ በተኩስ በተመታ ቁጥር ትንሽ ትንሽ ይላላል፤ ከላይ ለሚያየው ሁሉ ነገር ጥብቅ ይመስላል።

ማቪስ ብሎኖቹን በአልኮል ጠርጋ አደረቀች፤ የማያላላ ማጣበቂያ ጠብ አድርጋ አጠበቀች፤ መነጽሩን መለሰች። ማጣበቂያው እስኪይዝ ቤቷ ወስዳ የአደንጓሬ ሾርባ አበላችው። ኤልደን ሁለት ሳህን በላ፤ ሦስት ቀን ምግብ አልወርድ ብሎት ነው የከረመው።

ከሰዓት በኋላ ተመለሱ። ማቪስ የተኮሰቻቸው ሁለት አረሮች ጎን ለጎን ግራ ላይ ገቡ፤ ኤልደን ራሱ ያዛባውን የመነጽር ማስተካከያ ቆጥራ መለሰችለት።

«በል» አለችው፣ «አሁን እጅህን እንየው።»

አዲስ ሳህን ተሰቀለ። ዴልማር ከመኪናው ወርዶ ቀረበ። ኤልደን ትንፋሹን ግማሽ ድረስ አወጣና ቃታውን ሳበ። ጠረገ፣ አጎረሰ፣ ሳበ። ሦስተኛውን ሲያጎርስ እጁ ትንሽ ተንቀጠቀጠ፤ ብርድ ይሁን ፍርሃት እሱም አላወቀም። ግን ጠበቀ፤ ሲረጋ ሳበ።

ዴልማር ነው ሮጦ ሳህኑን ያመጣው። ሦስቱ ቀዳዳ መሃሉ ላይ ተቃቅፈዋል።

«ዴልማር» አለ ኤልደን፣ «አምና ያልኩህን…»

«ተወው፣ ተወው። ልክ ነበርክ፤ ስቼ ነበር» አለ ዴልማር። ቀጥሎም፣ «ግን ቴሌቪዥኑን ልሽጥልህ አልኩህ እንጂ በነጻ አላልኩም» አለ።

ቤቱ ሲገባ አርሊን ምድጃው አጠገብ ቆማ ነበር። ቦቱን ሳያወልቅ ሳህኑን ጠረጴዛው ላይ አኖረላት። አየችው። ኩባያውን አንስታ ቂጡን ሦስቱ ቀዳዳ ላይ ከደነችው፤ ሦስቱም ተሸፈኑ።

«ሁሉንም ራስህ ነህ የተኮስከው?»

«ራሴ ነኝ። የሳተው ብሎን ነው አርሊን፣ ብሎን! እኔ ደግሞ እጄ መስሎኝ… እንደ አባቴ…»

«አውቃለሁ» አለች። «እኔም መስሎኝ ነበር።»

ጀርባዋን ሰጥታው ዓይኗን በሽርጧ ጠረገች። ከዚያ ማንቆርቆሪያውን አነሳችና ኩባያውን እስከ አፉ ሞልታ አቀረበችለት።

ኤልደን በአንድ እጁ አነሳው። ጠብታ አልወረደም።