ከአባባ ሰሃን የወሰድኳቸው ሁለት ሽንኩርቶች

ሲልቨር ስፕሪንግ፣ ከአፓርታማዬ ብዙ በማይርቅ የጋራ የአትክልት ቦታ ውስጥ አንዲት መደብ ነበረችኝ። ከጎኔ ያለችውን የሚያለሙት በፓርኪንግ ሥራ ኖረው ጡረታ የወጡ አንድ አባባ ነበሩ። ሻሎት የሚሉትን፣ የሐበሻ ሽንኩርት የሚመስለውን ትንሹን ሽንኩርት ያስተማሩኝ እሳቸው ናቸው። ኦክቶበር ላይ አንድ ራስ ይተከላል፣ ሰመር ላይ ስምንትም ዘጠኝም ሆኖ ይወጣል። ቅጠሉ ቢጫ ሆኖ ሲተኛ ይነቀልና ጥላ ውስጥ ይደርቃል።

በየዓመቱ ኦገስት ላይ የአትክልት ውድድር አለ። ለሻሎት የሚፈለገው አንድ ሰሃን ላይ ዘጠኝ ራስ ነው፤ በመጠንም በመልክም የማይለያዩ፣ ሁሉም ተወዳዳሪው ራሱ ያበቀላቸው። አባባ ብዙ ጊዜ አንደኛ ወጥተዋል። እኔ አንድም ቀን ለሽልማት ተጠርቼ አላውቅም።

አንድ ዓመት ሽንኩርቱ ሊደርስ ሲል አባባ ጉልበታቸውን ኦፕሬሽን ተደረጉና፣ በመኪና ግማሽ ሰዓት ያህል በምትርቀው አሌክሳንድሪያ ልጃቸው ቤት ተኙ። ኮል አድርገው የሳቸውንም ከኔው ጋር ነቅዬ እንዳደርቅ፣ መርጬም በስማቸው እንዳስገባላቸው ለመኑኝ። እሺ አልኩ።

የውድድሩ ዕለት ጠዋት ሁለቱን ምርት ጠረጴዛዬ ላይ ዘረጋሁ። ከኔ ውስጥ ሰባቱ መንታ ይመስላሉ፤ ስምንተኛና ዘጠነኛ ግን ብፈልግ ብፈልግ አጣሁ። የአባባ ዘጠኙም ወዲያው ተገኙ። ከነሱ ሁለቱን አንስቼ የኔ ሰሃን ላይ አደረግኩ። በምትካቸው አንድ ወፈር ያለና አንድ ልጣጩ የተላጠ አስቀመጥኩላቸው። ሁለት ሽንኩርት ነው፣ ምን ይሆናል አልኩ።

አንደኛ ወጣሁ። የሳቸው ሦስተኛም አልሆነም። በምርኩዝ፣ በልጃቸው ተደግፈው መጥተው ሰሃናቸው ፊት ረጅም ጊዜ ቆሙ። ከዚያ እጄን በሁለት እጃቸው ይዘው እንኳን ደስ ያለሽ አሉኝ። ቀና ብዬ ላያቸው አልቻልኩም።

ኦክቶበር መጣ፤ አባባ ግን ሊተክሉ አልመጡም። መደባቸውን ሌሎች ሰዎች ሲቆፍሩ አየሁና የአትክልት ቦታውን ኃላፊ ጠየቅኳት። እጄ ከድቶኛል፣ ከእንግዲህ ደህና ሽንኩርት አላበቅልም ብለው ለቀዋል አለችኝ።

በሳምንቱ የአንደኝነት ሽልማቴን፣ ሰማያዊውን ሪባን ይዤ አሌክሳንድሪያ ሄድኩ። ሶፋው ጫፍ ላይ ተቀምጬ፣ መሬት መሬት እያየሁ ያደረግኩትን ሁሉ ነገርኳቸው። ይቆጡኛል ብዬ ስጠብቅ፣

«ታዲያ ሽንኩርቴ ደህና ነበር?» አሉኝ።

«ከሁሉም የሚበልጠው የእርስዎ ነበር፣ አባባ።»

ፊታቸው በራ። ልጃቸውን ከኩሽና ጠርተው፣ «ሰማሽ? ሽንኩርቴ እኮ ደህና ነበር» አሏት። ቢሰድቡኝ ይሻለኝ ነበር። እሷ አልሳቀችም። በሩ ድረስ ሸኝታኝ፣ ድምጿን ዝቅ አድርጋ፣ «የውድድሩ ቀን ስንመለስ አባዬ መኪና ውስጥ አልቅሷል» አለችኝ።

ለአዘጋጆቹ ጽፌ ሪባኑን መለስኩ፤ ስሜም ከአሸናፊዎቹ ዝርዝር ተሰረዘ። አባባን ከመደቤ ግማሹን ልስጥዎት ብላቸው፣ በዚህ ጉልበቴ እስከዚያ ድረስ አልመላለስም አሉኝ። አሁን ልጃቸው በረንዳ ላይ ባስቀመጠችላቸው ሁለት የእንጨት ሳጥኖች ውስጥ ይተክላሉ። ስደውል ስልኩን የምታነሳው እሷ ናት። ሰላም ሳትለኝ ለሳቸው ታቀብላለች። አልፈርድባትም።