የወይዘሮ እጸገነት እርሳስ

ካዛንቺስ ውስጥ መታወቂያ ያወጣ፣ ልጅ ያስመዘገበ ወይም ቤተሰብ የቀበረ ሰው ሁሉ አንድ ቀን በእጸገነት ካሳይ መስኮት በኩል አልፏል። ሠላሳ ሁለት ዓመት የመዝገብ ቤት ሠራተኛ ናት፤ መጀመሪያ በቀበሌው፣ ኋላም ቀበሌው ከሌሎች ጋር ተጠቃሎ ወረዳ ሲባል በወረዳው። አለቆች ተቀያየሩ፣ ማህተሙ ተቀያየረ፣ ቢሮው ራሱ ሁለት ጊዜ ቦታ ለቀቀ። እሷ ከነመደርደሪያዎቿ ቆየች። ከእኔ ሰባት ዓመት ስለምትበልጥ ከልጅነቴ ጀምሮ «እትዬ እጹ» ነው የምላት።

በእሷ መዝገብ ቤት እያንዳንዱ ቤት በቁጥሩ አንድ ማህደር አለው። ውስጡ ያሉት ቅጾች በስክሪብቶ ይሞላሉ፣ ይፈረማሉ፣ ማህተም ያርፍባቸዋል። የሽፋኑ ጀርባ ግን ባዶ ካርቶን ነው፤ እሱ የእጸገነት ነበር። ቅጹ የማይጠይቀውን ነገር እዚያ ላይ በእርሳስ ትጽፋለች። ስልክ ቁጥር፣ ሰው ስልክ ይቀይራልና። «መግቢያው በጓሮ ነው።» «ባልና ሚስት አይነጋገሩም፣ ደብዳቤ ለየብቻ ይሰጣቸው።» ባለፈው ጥር ለልደት ሰርተፊኬት ጉዳይ ሄጄ የቤታችንን ማህደር ስታወጣልኝ፣ ከሽፋኑ ጀርባ «እናት ጆሮ ይከብዳታል፣ ጮክ ብሎ መጥራት» የሚል አየሁ። እናቴ ካረፈች አሥራ አንድ ዓመቷ ነው። ቤቱም ፈርሷል፤ በነበረበት ላይ ሰፊ የእግረኛ መንገድ አለ፣ ችግኝ ተተክሎበታል። ያቺ የእርሳስ መስመር ግን ሰው እንዲጮህላት አሁንም ታዛለች። ጥቂት ቆሜ አየኋትና ማህደሩን መለስኩ።

በዚያው ሰሞን ነው ወረዳው አገልግሎቱን በሙሉ ወደ ኮምፒውተር የማዞር ሥራ የጀመረው። አዳራሽ ውስጥ የሁለት ቀን ሥልጠና ተሰጠ፣ አርባ ገጽ እቅድ ታደለ። ሥራውን እንድትመራ የተመደበችው ሉሊ የምትባል የሃያ ስድስት ዓመት ባለሙያ ነበረች፤ ፈጣን፣ ተጫዋች፣ ጆሮዋ ላይ ሁልጊዜ ማዳመጫ የማይጠፋ። እስካነሩን አምጥታ እጸገነት ጠረጴዛ ላይ አስቀመጠችው።

«ማዘር፣ በቃ ከዛሬ ጀምሮ መሰላል መውጣት ቀረ። ስም ይጽፋሉ፣ ኢንተር ይላሉ፣ ዱብ ይላል።»

«መሰላሉ ጉልበቴን ነው ያቆየልኝ» አለች እጸገነት። «ለመሆኑ መብራት ሲጠፋስ ከየት ነው ዱብ የሚለው?»

«ባክአፕ አለው፣ ማለቴ ጀነሬተር...»

«እሱን ጀነሬተር እኔም አውቀዋለሁ። ባትሪ የለውም።»

በእንዲህ ዓይነት ንግግር ተዋደዱ። እጸገነትም እንደተፈራው እንቢተኛ አልሆነችም። እቅዱን ቤቷ ወስዳ አነበበችው፣ አሰመረችበት። አሥራ ሰባተኛው ገጽ ላይ «ማህደር ማጽዳት» የሚል ክፍል አለ፦ ስፒል ይነቀል፣ የተቀደደ ይለጠፍ፣ በእርሳስ የተጻፈ ሁሉ ይጥፋ፣ እስካን ሲደረግ ጥላ ይፈጥራልና። ሠላሳ ሁለት ዓመት መመሪያ ስትፈጽም የኖረች ሴት ናት። ባምቢስ አካባቢ ወርዳ ከጽሕፈት መሣሪያ ቤት በራሷ ገንዘብ ሁለት ላጲስ ገዛች። ከቤት ቁጥር አንድ ጀምራ ሽፋን በሽፋን፣ የገዛ እጅ ጽሑፏን አጠፋች። አንዳንዱን ስታጠፋ እያነበበች ትስቅ እንደነበር ሉሊ ነግራኛለች። በሦስት ሳምንት አራት መቶ አሥራ ሁለት ደረሰች።

መጋቢት ላይ ሰርተፊኬቴን ልወስድ ስመለስ ወረፋው ረጅም ነበር፤ መዝገብ ቤቱ ውስጥ አግዳሚ ላይ ተቀምጬ ስጠብቅ እማማ ዙለይካ ገቡ። ዕድሜያቸው ሰባ ሁለት ነው፣ አጭር፣ ቀጥ ብለው የሚሄዱ። ለብዙ ዓመት ባምቢስ አካባቢ በርበሬና ቅመም ይሸጡ ነበር። የሚኖሩበት የቀበሌ ቤት ተከራይ ወይዘሮ ቢፍቱ ነበሩ፤ ሁለቱ ሴቶች ሃያ ሰባት ዓመት በአንድ ጣሪያ ሥር ኖረዋል፣ አንዷ ለረመዳን ስታፈጥር ሌላዋ ለዓቢይ ጾም ሽሮ እየሠራች። ቢፍቱ ከዚያ አንድ ወር ቀደም ብለው አርፈዋል።

«ልጄ እጸገነት» አሉ መስኮቱ ላይ ተደግፈው፣ «ሰዎች መጥተው ቤቱን ሊያሽጉት ነው። ተመዝግበሽ ከሆነ ማስረጃ አምጪ፣ አለበለዚያ እስከ ሰኞ ዕቃሽን አውጪ አሉኝ። እኔ እሷ ጽፋኛለች አልኳቸው።»

«ጽፌዎታለሁ እንጂ!» አለች እጸገነት። ቁጥሩን አልጠየቀችም። ሄዳ ሦስት መቶ ስድስትን መዘዘች፣ ሽፋኑን ገለጠች።

ካርቶኑ ንጹህ ነበር።

ነገሩ እንዲህ ነው። በ1990 ዙለይካ ከቡታጅራ ሲመጡ ከነበሩበት ቀበሌ መሸኛ አልያዙም፤ ያለ መሸኛ ደግሞ ማንም ሰው በደባልነት በስክሪብቶ አይመዘገብም። ቢፍቱ ይዘዋቸው መጡ፣ ለመኑ። እጸገነትም «መሸኛው እስኪመጣ» ብላ ከሽፋኑ ጀርባ ስማቸውንና ቀኑን በእርሳስ ጻፈች። መሸኛው አልመጣም። ዙለይካም የተጻፉ መስሏቸው፣ እጸገነትም የጻፈች መስሏት ሃያ ሰባት ዓመት አለፈ። ያቺን መስመር ከአሥር ቀን በፊት ላጲሱ በልቷታል።

«አለሁ አይደል?» አሉ እማማ ዙለይካ።

«ነገ ይምጡ፣ እማማ» አለች እጸገነት። «ነገ ጠዋት።»

እሳቸው ሲወጡ ማህደሩን ወደ መስኮቱ ወስዳ አጋደለችው። ሉሊ ተከተለቻት፣ እኔም ተነሳሁ። ብርሃኑ ጎን ለጎን ሲያርፍበት የእርሳሱ ጫና ካርቶኑን ያጎደጎደው ታየ፦ ዙለይካ፣ ከዚያ የአባት ስም፣ ከዚያ ጥቅምት 14 ቀን 1990።

ሉሊ ማዳመጫዋን ከጆሮዋ አወጣች። «ማዘር፣ ይኸው አለ እኮ! በላዩ ላይ በስክሪብቶ ያስኪዱበት፣ እኔ እስካን አደርገዋለሁ፣ በቃ። ማንም አላየም።» ወደ እኔ ዞር አለች። «እሳቸውም አላዩም።»

«አላየሁም» አልኩ። እውነት ለመናገር ልቤ እንዲያ እንድታደርግ ፈልጎ ነበር።

እጸገነት ስክሪብቶውን አንስታ ነበር። ጫፉን ካርቶኑ ላይ ልታሳርፍ አንድ ጣት ሲቀራት መለሰችው።

«ዛሬ ብጽፈው የዛሬ ጽሑፍ ነው» አለች። «የ1990 ቀለምና የዛሬ ቀለም አንድ አይደለም። አንድ ቀን አንዱ ቢጠረጥር፣ ሴትዮዋ አጭበርባሪ ይባላሉ። ጥፋቱ የእኔ ነው፤ በእሳቸው ስም አይጻፍም።»

«እና ምን ሊሆኑ ነው?»

«ድሮ ወረቀት የሌለው ሰው ሲመጣ ምን ነበር የምናደርገው? ሰው ነበር የምንጠይቀው። ሦስት ጎረቤት ቆሞ ይመሰክራል፣ ቃለ ጉባኤ ይያዛል።»

«ጎረቤቶቹ የት አሉ? ግማሹ ሰፈር ፈርሷል እኮ፣ ማዘር።»

እጸገነት ወደ መደርደሪያዎቹ ተመለከተች። የመንደሩ የታችኛው ረድፍ ቁጥሩ ከአራት መቶ ሃያ በላይ ነው። ላጲሱ እዚያ ገና አልደረሰም።

ከሰዓቱን በሙሉ ሁለቱ ሽፋን እየገለጡ በእርሳስ የተጻፉ ስልኮችን ሲሞክሩ ዋሉ። አንዱ ቁጥር የማይሠራ፣ ሌላው የአንድ ጋራዥ ሆኖ ተገኘ። ነጋሲ፣ ጡረታ የወጣው የከባድ መኪና ሹፌር፣ ማህደሩ ላይ ሦስት ቁጥር ተሰርዞ አራተኛው ሠራ፤ አራብሳ ኮንዶሚኒየም ነው ያለው። ሰብሪና የምትባለው ባለሱቅ ገላን ገብታለች። ገብረሚካኤል ብቻ ቅርብ ነበር፣ ቡልጋሪያ ሰፈር።

«እጸገነት ነኝ፣ ከቀበሌ» ትል ነበር ሲያነሱ። ወረዳ አትልም። «ዙለይካን ታውቃቸዋለህ? ... አዎ፣ ከቢፍቱ ጋር የነበሩት። ነገ በሦስት ሰዓት ትፈለጋለህ። እንቢ ካልክ፣ የቤት ስልክ እንዳይሰጥህ ብላ ሚስትህ በእርሳስ ያጻፈችኝን ለሁሉም አነብላቸዋለሁ።»

ከስልኩ ወዲያ የነጋሲ ሳቅ እስከ አግዳሚው ተሰማ።

ማምሻውን ለኃላፊው ለአቶ ቀነኒሳ አንድ ገጽ ጽፋ ሰጠችው፦ በእቅዱ መሠረት ስታጸዳ የአንዲት ነዋሪ መረጃ በእጇ እንደጠፋ፣ ከመጀመሪያውም መሸኛውን ተከታትላ በስክሪብቶ ማስፈር ሲገባት እንዳላሰፈረች፣ ፊርማ፣ ቀን። በማግስቱ እንደነገረችኝ፣ ሰውየው ሁለት ጊዜ አነበበው።

«ይሄን ካስገባሽ እኮ የጽሑፍ ማስጠንቀቂያ ነው፣ እጸገነት። ለጡረታ ሦስት ዓመት ቀርቶሽ።»

«ይሁን። ማስጠንቀቂያውም ማህደር ውስጥ ነው የሚገባው» አለችው። «እኔው ነኝ የምደረድረው።»

በማግስቱ እኔ እዚያ ምንም ጉዳይ አልነበረኝም። ሰርተፊኬቴን ወስጃለሁ። ቢሆንም ሦስት ሰዓት ሳይሞላ ደረስኩ። ነጋሲ ከአራብሳ በሁለት ታክሲና በአንድ አውቶቡስ፣ ኮቱን ለብሶ መጣ። ሰብሪና የሱቋን ቁልፍ እንደያዘች ደረሰች። ገብረሚካኤል ቅርብ ስለሆነ የዘገየው እሱ ነው፤ ሁሉም ሰደቡት። እማማ ዙለይካ መሃላቸው ተቀምጠው አንዱን ከአንዱ ያያሉ። ግማሹ ሰፈር ከፈረሰ ወዲህ ከእነዚህ ሰዎች ጋር አንድ ክፍል ውስጥ ሆነው አያውቁም ነበር።

አቶ ቀነኒሳ ሰብሳቢ ሆኖ ጠየቀ፣ እጸገነት ጻፈች። በስክሪብቶ።

«ከመቼ ጀምሮ ነው የምታውቋቸው?»

«የመጀመሪያ ልጄ ክርስትና ዕለት ውሃ ቀድተውልኛል» አለ ነጋሲ። «ያ ልጅ አሁን ሃያ ሰባት ዓመቱ ነው። ጥቅምት ውስጥ ነበር። የመጡ ሰሞን ስለነበር ማን ናት ብለን ቢፍቱን ጠይቀናታል።»

«ቢፍቱ ምን አሉ?»

«እህቴ ናት። ከዚያ ወዲያ ማንም አልጠየቀም።»

እማማ ዙለይካ የሻሻቸውን ጫፍ ዓይናቸው ላይ አደረጉ። ሰብሪናና ገብረሚካኤልም ያዩትን ተናገሩ፤ ሦስቱም ፈረሙ።

ሉሊ ቃለ ጉባኤውን እስካን አደረገች። ኮምፒውተሩ «የመኖሪያ መነሻ ቀን» ብሎ ሲጠይቅ እጇን ሳታነሳ ወደ እጸገነት አየች።

«ጥቅምት አሥራ አራት፣ ዘጠና» አለች እጸገነት። አቶ ቀነኒሳ ራሱን ነቅንቆ እሺታውን ሰጠ። ሉሊ መታችው።

ለሦስት ቀን ላጲሱ ቆመ። እቅዱ አሥራ ሰባተኛ ገጽ ላይ ተሻሻለ፦ በእርሳስ የተጻፈ ሁሉ ከመጥፋቱ በፊት ይነበባል፣ ተለይቶ በተዘጋጀ ቦታ ይመዘገባል። ቦታውን የሠራችው ሉሊ ናት፤ ስሙን «ማስታወሻ» አለችው። ከአንድ እስከ አራት መቶ አሥራ ሁለት ያሉትን ግን እጸገነት ከሉሊ ጋር መስኮቱ ሥር እያጋደለች እንደገና መልቀም ነበረባት። የእኛን ማህደር በየትኛው ቀን እንዳነሳችው አልጠየቅኳትም።

የቃለ ጉባኤው ዕለት ጠዋት ግን ማተሚያው የነዋሪነት ማስረጃውን ወረቀት ሲተፋ እማማ ዙለይካ ተቀብለው አገላበጡት። ማንበብ አይችሉም።

«ቀኑ የቱ ጋ ነው?»

እጸገነት ጣታቸውን ይዛ አሳረፈችበት።

«በእርሳስ ነው?»

«ኧረ የኮምፒውተር ነው፣ እማማ!» አለች ሉሊ።

«እኔ ምን አውቃለሁ። ያኛውም ተጽፏል ብላችሁኝ ነበር።» ወደ እጸገነት ዞሩ። «ላጲስሽ የታለ? አምጪና ሞክሪው።»

ነጋሲ ሊስቅ ብሎ ተወው። እጸገነት መሳቢያዋን ከፈተች፣ ግማሽ ያለቀውን ላጲስ አወጣች፣ ወረቀቱን ጠረጴዛው ላይ ዘረጋች። ቀኑ ላይ አንዴ አሸችው። እንደገና፣ ጠንክራ አሸችው። አሮጊቷ አጎንብሰው አዩ፣ ፍርፋሪውን በእጃቸው ጠረጉ፣ ጣታቸውን ቦታው ላይ መልሰው አሳረፉ።

«አለ» አሉ። ወረቀቱን አጥፈው ደረታቸው ውስጥ ከተቱት።